የአንድ ወር ፈቃድ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወሬው ረጅም መንገዱም ሩቅ ነውና ቀስ ብለን እንሂድ። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን እሑድ ዓድዋ ላይ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም ዛሬ አላወራውም። ከዚያች እሑድ ተነሡና 36 ቀን ቆጥራችሁ ተከተሉኝ። ሁዳዴውን በዘመቻ ያሳለፈው ሠራዊት ቁስለኛውን ይዞ ወደ ሸዋ በመመለስ ላይ ሳለ ፋሲካ መጋቢት 28 ቀን ዋለ፤ ግሪኮችም ያን ጊዜ በአሮጌው አቆጣጠር ይቆጥሩ ነበርና የእነሱም ፋሲካ ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ዋለ፤ እናም በማግስቱ፣ መጋቢት 29 ቀን ሰኞ፣ አቴንስ ላይ ሕዝብ በነጭ እብነ በረድ ስታዲየም ዙሪያ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ንጉሥ ጊዮርጊስ 1ኛ ከወንበራቸው ተነሥተው የአዲሱን ዘመን የመጀመሪያ ኦሎምፒክ ከፈቱ። እኛ ገና የድሉን ወሬ ከአገር አገር እያደረስን ነበርና ስለ ሩጫ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እኛ ወደዚያ ሜዳ ለመድረስ ከ60 ዓመት በላይ ቀረን።

የዛሬው ባለታሪካችን ግሪክ አይደለም። ስሙ ኤድዊን ሃሮልድ ፍላክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1873 ለንደን ተወለደ፣ ገና የ5 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ቤተሰባቸውን ይዘው መርከብ ተሳፈሩና ሜልበርን ገቡ። ያን ጊዜ አውስትራሊያ የሚባል አንድ አገር አልነበረም፤ በእንግሊዝ ንግሥት ሥር ያሉ 6 ቅኝ ግዛቶች ነበሩ፣ ሜልበርንም የአንዲቱ የቪክቶሪያ ዋና ከተማ፣ በወርቅ የበለጸገች ከተማ ነበረች። አባትየው የሂሳብ መርማሪ ነበሩ። ልጁም ትምህርቱን ሲጨርስ አባቱ ቢሮ ገባና የሰው ገቢና ወጪ ሲያመሳክር መዋል ጀመረ፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ከሩጫ ክበብ ጓደኞቹ ጋር በሜዳውና በቁጥቋጦው መካከል ይሮጥ ነበር። ቁመቱ ሎጋ፣ እርምጃው ሰፊ፣ ጠባዩ ዝምተኛ። እ.ኤ.አ. በ1893 በማይል ሩጫ፣ ማለት 1,609 ሜትር፣ የአውስትራሊያና የአካባቢዋ ሻምፒዮን ሆነ። ገንዘብ አላገኘበትም። በዚያ ዘመን ጨዋ ሰው በገንዘብ አይሮጥም ነበር፤ በገንዘብ የሮጠ ሰው ከጨዋዎቹ ጋር አይሰለፍም ነበር።

ከዚያም አባትየው ልጃቸው ሙያውን ከምንጩ ይቅሰም አሉና እ.ኤ.አ. በ1895 ወደ ለንደን ላኩት። ፍላክ ፕራይስ ዋተርሃውስ በሚባለው ትልቅ የሂሳብ ድርጅት ተቀጠረ፣ የለንደን አትሌቲክስ ክለብም አባል ሆነ። አቴንስ ላይ ጥንታዊው ኦሎምፒክ ሊታደስ ነው የሚለው ወሬ እዚያ ደረሰው። የሰማ ሁሉ ቁም ነገር አድርጎ አልያዘውም፤ የእንግሊዝ ታላላቅ ሯጮች ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ይህ የ22 ዓመት ወጣት ግን ከአለቆቹ የአንድ ወር ፈቃድ ጠየቀ፣ እነሱም ፈቀዱለት። ልብ በሉልኝ፤ የላከው መንግሥት የለም፣ የመረጠው ፌዴሬሽን የለም፣ አሠልጣኝ የለው፣ አበል የለው። ሻንጣውን ዘጋ፣ ከኪሱ ትኬት ቆረጠ፣ ሄደ።

የዚያን ጊዜ የለንደን ሰው አቴንስ ሊገባ ሲል መንገዱ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ በባቡር ወደ ወደቡ ይወርዳል፣ ከዚያም የሚናወጠውን ጠባብ ባሕር በመርከብ ይሻገራል፣ ከዚያም ፈረንሳይን በባቡር ያቋርጣል፣ ከዚያም ጣልያንን ከራስጌ እስከ ግርጌ ወርዶ ብሪንዲዚ የምትባል ወደብ ይደርሳል፣ ከዚያም እንደገና መርከብ ይሳፈርና የግሪክ ደሴቶች ጎህ ሲቀድ ብቅ ጥልቅ ሲሉ እያየ ፓትራስ ላይ ይወርዳል፣ እዚያም ሌላ ባቡር ይጠብቀዋል። ቀናት ይፈጃል። ሯጭ እግሩን አጣጥፎ፣ እንቅልፉ ተቆራርጦ፣ ምግቡ ተዛብቶ ይገባል። ያን ዘመን አስቡትና አሁን በአውሮፕላን ሰዓታት ተጉዘው አየሩ ከበደን ስለሚሉት ልጆቻችን ምን እንደምል አላውቅም፤ ዝም ብል ይሻለኛል።

ስታዲየሙን ላሳያችሁ። ጥንት በኮረብታ መካከል የተቀረጸ ነበርና በዘመን ብዛት ፈርሶ፣ እብነ በረዱም ተወስዶ፣ ቦታው ብቻ ቀርቶ ነበር። ጊዮርጊስ አቬሮፍ የሚባሉ፣ እስክንድርያ ላይ በንግድ የበለጸጉ ግሪካዊ ባለጠጋ ገንዘባቸውን አፈሰሱበትና እንደገና በነጭ እብነ በረድ ለበሰ። ማማሩስ አማረ፤ ለሯጭ ግን አልተመቸም። መሮጫው እንደ ፀጉር መቆንጠጫ የጠበበ ነበር፦ ሁለት ረጃጅም ቀጥታ፣ በጫፍና በጫፉም ድንገት የሚታጠፍ። አንዱ ዙር ወደ 333 ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ የላላ ነው፣ ኩርባው ላይ ያልተጠነቀቀ ይንሸራተታል፣ የሚዞሩትም ዛሬ እኛ እንደለመድነው ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ነበር። እንግዲህ በኋላ ሰዓቶቹን ስነግራችሁ ይኼ ነው እንዴ እንዳትሉ።

በመክፈቻው ቀን ፍላክ የ800 ሜትር ማጣሪያውን በ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አሸነፈ። ሌላውን ማጣሪያ ያሸነፈው አልባን ለርሙዚዮ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በዚህ ፈረንሳዊ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ፤ ደጋግሞ ይመጣል። በንጉሥ ፊት የሚሮጥ ሰው ክብሩን መጠበቅ አለበት ብሎ ነጭ ጓንት አጥልቆ የሮጠው እሱ ነው ይባላል። ሲነሣ እሳት ነው፤ ሲጨርስ ግን ሌላ ሰው ነው።

በማግስቱ፣ መጋቢት 30 ቀን ማክሰኞ፣ የ1,500 ሜትር ፍጻሜ ሆነ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በአትሌቲክሱ የተገኘውን አንደኛነት በሙሉ አሜሪካኖች ጠራርገው ወስደውት ነበር፤ ግሪኮች በገዛ ድግሳቸው የሚያጨበጭቡት ለባዕድ ሆኖ ከፍቷቸዋል። 8 ሰዎች ተሰለፉ። ለርሙዚዮ እንደልማዱ ከፊት ወጣና ዙሩን አከረረው፣ ሌሎቹም ተከተሉት፣ አርተር ብሌክ የሚባለው የቦስተን ልጅ ከፈረንሳዊው ኋላ፣ ፍላክም ከእነሱ ኋላ ሆኖ ሰፊ እርምጃውን ሳያጣድፍ ይመጣል፣ ዙሩም አለቀ፣ ሌላ ዙርም አለቀ፣ ከዚያም መጨረሻው ቀጥታ ላይ ሲደርሱ ፍላክና ብሌክ ፈረንሳዊውን አልፈው ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፣ ከዚያም ፍላክ አፈትልኮ ወጣና 5 ሜትር ያህል ቀድሞ ገባ። 4 ደቂቃ ከ33.2 ሰከንድ። ብሌክ ሁለተኛ፣ ለርሙዚዮ ሦስተኛ። አሜሪካኖችን የደፈረ ተገኘ ተብሎ ግሪኮቹ እንደ ገዛ ልጃቸው ጮኹለት፤ የማን አገር ሰው ነው ብሎ ለመጠየቅ የቸኮለ አልነበረም።

ከዚያም ጎበዙ ማረፍ ሲገባው ምን አደረገ መሰላችሁ? የሜዳ ቴኒስ ሊጫወት ሄደ። ያ ኦሎምፒክ እንዲህ ያለ ነበር፤ የመጣ ሰው የቻለውን ሁሉ ይሞክራል። ፍላክ በነጠላው በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸንፎ ወጣ። በጥንዱ ግን ጆርጅ ሮበርትሰን ከሚባል የኦክስፎርድ ምሁር ጋር ተጣመረና አንድም ጨዋታ ሳያሸንፉ፣ በዕጣ ብቻ፣ ከፊል ፍጻሜ ደረሱ፤ እዚያ ተሸነፉ። የዛሬ መዝገብ ሦስተኛ ብሎ ይቆጥርላቸዋል። ስለ ሮበርትሰን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ይህ ሰው መዶሻ ወርዋሪ ነበር፤ አቴንስ ሲደርስ የመዶሻ ውርወራ ውድድር የለም ተባለ፤ እሱም ከመጣሁ አይቀር ብሎ ዲስከስ ወረወረና ጀርባ ቀረ። በመዝጊያው ቀን ግን በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ ራሱ የደረሰውን ቅኔ በንጉሡ ፊት ቆሞ አቀረበ። ከዲስከሱ ይልቅ ቅኔው ሳያስከብረው አልቀረም።

ሚያዝያ 2 ቀን ሐሙስ የ800 ሜትር ፍጻሜ ደረሰ። ለርሙዚዮ ጉልበቴን ለነገው ማራቶን ላቆይ ብሎ ቀረ። ሦስት ሰዎች ብቻ ተነሡ፤ ፍላክ፣ የሃንጋሪው ናንዶር ዳኒና የግሪኩ ጎሌሚስ። ስለዚህ ሩጫ ብዙ የማወራው የለኝም። ፍላክ ከፊት ሆነ፣ ከፊት እንደሆነ ቀረ፣ በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። በሁለቱ መካከለኛ ርቀቶች ሁለቱንም ያሸነፈ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሯጭ እሱ ሆነ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ታሪኩ የተሟላ ነበር። ሰውየው ግን ልብሱን ለወጠና በዚያው ቀን ጋሪ ላይ ወጣ፤ ጋሪውም የአቴንስን ደጆች አልፎ፣ የወይራውን ዛፍ አልፎ፣ ኮረብታውን ወጥቶና ወርዶ፣ ለሰዓታት አቧራ እያለበሰው ማራቶን መንደር አደረሰው። በማግስቱ ሊሮጥ ነው፤ ያውም 40 ኪሎ ሜትር። በዕድሜው ከ10 ማይል፣ ማለት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ አያውቅም። ነገ እግሩ የሚረግጠውን ያን ሁሉ ዳገት ዛሬ በጋሪው ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ማየት ነበረበት። እኔ ከሁለቱ ድሎቹ ይልቅ የምወድለት ይህን የጋሪ ጉዞ ነው። ድል ያጠገበው ሰው መንገዱን አይቶ ጋሪውን አዙር ማለት አይከብደውም ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከ17 የማይበልጡ ሰዎች በአንድ ድልድይ አጠገብ ተሰለፉ፣ መኮንኑ ፓፓዲያማንቶፑሎስም ሽጉጥ ተኩሰው ለቀቋቸው። የሚገርመው በ1,500 ሜትሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ሦስቱም እዚያው ነበሩ። የቀሩት ከሞላ ጎደል ግሪኮች ናቸው፤ ከመካከላቸውም አንዱ ስፒሪዶን ሉዊስ የሚባል የማሩሲ መንደር ልጅ፣ ከአባቱ ጋር ውሃ ወደ አቴንስ እያመላለሰ የሚሸጥ።

ለርሙዚዮስ ተማረ? አልተማረም። እንደ ተተኮሰ ጥይት ወጣ፣ ሌሎቹን በብዙ ርቀት ጥሎ ሄደ፣ በመንደር ያለፈ እንደሆነ ሕዝቡ የአሸናፊውን ጉንጉን አስቀድሞ ራሱ ላይ ደፋለት። ብሌክ ከ23ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ሉዊስ ፒከርሚ በምትባለው መንደር ቆሞ ወይን ቀመሰ፣ ከፊቱ ያሉት በምን ያህል እንደቀደሙት ጠየቀ፣ እደርስባቸዋለሁ ብሎ ቀጠለ ይባላል። ፍላክ ግን መሬት መሬት እያየ፣ ለማንም ሳይቸኩል፣ ዳገቱን በልኩ ይወጣል፣ ከጎኑም ክብ ባርኔጣ የደፋ አንድ እንግሊዛዊ ወዳጁ በብስክሌት ይከተለዋል። ከዚያም 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፈረንሳዊው እግሩ ተሳሰረና ወደቀ፣ ፍላክም አለፈው፣ መሪም ሆነ።

ስታዲየሙ ውስጥ ያለው ሕዝብ ይህን አያውቅም፤ ሬዲዮ የለ፣ ስልክ የለ። አንድ ጀርመናዊ ብስክሌተኛ በአቧራ ተሸፍኖ ገባና የሚመራው የአውስትራሊያው ሰው ነው አለ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሕዝብ ጭጭ አለ። ማክሰኞ ዕለት የጮኸለት ሕዝብ ነው፤ ማራቶን ግን የግሪኮች የራሳቸው የጀግና መታሰቢያ ነውና ለእንግዳ አንሰጥም አለ ልቡ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ እናንተም የምትፈርዱባቸው አይመስለኝም።

መንገዱ ላይ ግን ነገሩ ተለውጧል። ሉዊስ ደርሶበታል። ጎን ለጎን ሄዱ፣ ፍላክ ሊያስቀረው ሞከረ፣ ሉዊስም አልቀረም፣ ከዚያም አለፈው፣ ከዚያም የፍላክ ጉልበት ከዳው። 37ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከተማይቱ ደጃፍ ደርሶ፣ መንገዳገድ ጀመረ። ወዳጁ ከብስክሌቱ ወረደና የሚያለብሰው ነገር ሊፈልግ ሲሄድ በአጠገቡ የቆመ አንድ ግሪካዊ ደግፎ እንዲይዘው ለመነው። ምስኪኑ ግሪክ ደገፈው። ፍላክ ግን ራሱን ስቷል፤ የያዘው ሰው ጠላት መሰለውና በቡጢ መታው። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ፣ ዝምተኛ፣ የታረመ የሂሳብ ሰው፣ ሊረዳው የመጣውን መንገደኛ መታ። ስሙን ያላወቅነው ያ ግሪክ ተቀይሞ ቤቱ ገብቶ ከሆነ ይቅር ይበለው፤ 37 ኪሎ ሜትር ከሮጠ ሰው ጋር አይጣሉም።

በሠረገላ ጭነው ስታዲየም አስገቡት። እዚያም ንጉሣውያኑ መሳፍንት ከሉዊስ ጋር እየሮጡ፣ ሕዝቡ ባርኔጣውን ወደ ሰማይ እየወረወረ፣ ምድር ቀውጢ ሆና ነበር፤ ሉዊስ በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብቷል። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ግን ልዑል ኒኮላስ የወደቀውን እንግዳ ፈልገው መጡ፣ እንቁላል በብራንዲ አስመትተው አጠጡት፣ እስኪነቃ ድረስም አጠገቡ ቆዩ። አገራቸው በታሪኳ ታላቁን የስፖርት ቀን ስታከብር እሳቸው የተሸነፈውን ማስታመማቸው ሊነገርላቸው ይገባል።

ሽልማቱ ማክሰኞ ሊሰጥ ነበር፤ ዝናብ ዘነበና ለረቡዕ ሚያዝያ 8 ቀን ተላለፈ። ያን ጊዜ ለአንደኛ ወርቅ አይሰጥም ነበር፤ ከኦሊምፒያ የተቆረጠ የወይራ ቅርንጫፍ፣ የብር ሜዳልያና የምስክር ወረቀት ነው። ፍላክም ሁለት ቅርንጫፍና ሁለት ብር ይዞ፣ የአቴንስ አንበሳ የሚል ስምም ወጥቶለት፣ ፈቃዱ ሳያልቅ ወደ ለንደን ተመለሰና ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ።

እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ሜልበርን ገባ፣ የአባቱን ድርጅት ተጋርቶ አሰፋው፣ በኦሎምፒክ ዳግመኛ አልሮጠም። ቤርዊክ በሚባል የገጠር ቀበሌ መሬት ገዝቶ ጥቁርና ነጭ የሆኑትን የፍሪዥያን ላሞች ያረባ ነበር። ሚስት አላገባም። የአገሩ የኦሎምፒክ ሰዎች ሲያማክሩት ይመክራል፤ ሳይጠይቁት ግን የአቴንስን ወሬ እያነሣ ሰው አላሰለቸም። ጥር 2 ቀን 1927 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ሜልበርን ላይ ዐረፈ። ዛሬ ቤርዊክ ዋና መንገድ ላይ ሐውልቱ ቆሟል።

ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በእኛ 1949 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ኦሎምፒኩ ራሱ ሜልበርን መጣ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንዲራዋን ይዛ የተሰለፈችው እዚያ፣ በፍላክ ከተማ ነው። ከልጆቿም መካከል አንዱ፣ የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ፣ የተሰለፈው በ800 ሜትርና በ1,500 ሜትር ነበር። አልቀናውም፤ በሁለቱም ከማጣሪያው አላለፈም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ አስተውሉ። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 1 ቀን ሮም ላይ አውስትራሊያዊው ኸርብ ኤሊየት የፍላክን 1,500 ሜትር ለአገሩ መለሰ፤ ከአራት ቀን በኋላ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያደረገውን ታውቃላችሁ። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት 5 ቀን ሜክሲኮ ላይ የሜልበርኑ ልጅ ራልፍ ዱቤል የ800 ሜትሩን መለሰ። ከአምስት ቀን በኋላ ማራቶኑ ተነሣ፣ አበበ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ እግሩ አላስኬድ ብሎት አቋረጠ፣ ከዚያም ሜልበርን ላይ በፍላክ ሁለት ርቀቶች ያልቀናው ማሞ ወልዴ ብቻውን ከፊት ወጣና ፍላክን የጣለውን ሩጫ፣ አሁን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውን፣ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ ወርቁን አጠለቀ።